እሷ የቆመችበት ሳር

መስከረም 28

ይድረስ ለታላቅ እህቴ ለእታለም፣ ይህንንም ጮክ ብላ ለምታነብልሽ ለልጅ ልጅሽ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ፈጣሪ ለዐይንሽ ብርሃን፣ ለጉልበትሽ ጽናት፣ ለቤትሽ በረከት ይስጥልኝ። እኔ ከወገቤ በስተቀር ደህና ነኝ። ወገቤም ቢሆን አብረን ስንኖር ተለማምደናል።

ለምን አትደውልም ብለሽ ተቆጥተሻል። ስልክ ላይ ሰው ሁሉ ደህና ነው፤ ለዚህ ነው የማልወደው። ወረቀት ላይ የሚዋሽ ሰው ያስታውቃል።

ሥራዬ ያው የቤተ ክርስቲያን ግቢ መጠበቅ ነው። እንደ ባሕር ማዶ ቤተ ክርስቲያን ሁሉ አሮጌ ነው፤ ከምእመኑ ሙታኑ ይበዛሉ። ግን የሥራው ጠባይ ተለውጧል። ድሮ ሳር ማጨድ ነበር፣ አሁን ሳር አለማጨድ ሆኗል። ግቢው ለዱር ፍጥረት መኖሪያ ይሁን ተብሏል። ሳሩ በዓመት አንዴ፣ ዘሩ ከረገፈ በኋላ ይታጨዳል። የወደቀ ግንድ አይነሳም፣ በስብሶ የሚያኖረውን ያኑር። በመቃብር ድንጋዮቹ ላይ የበቀለው የድንጋይ ሽበት አይፋቅም። የሌሊት ወፎቹ ከጣሪያ አይባረሩም። ባለመሥራቱ የሚመሰገን ሰው አይተሽ የማታውቂ ከሆነ እኔን እዪ።

አንድ ልመና አለኝ። የእናታችንን መቃብር ከነድንጋዩ ፎቶ አስነሺና ላኪልኝ። ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ።

ታናሽ ወንድምሽ

ጥቅምት 20

ለውድ ወንድሜ፣ ለዐይኔ ማረፊያ፣

(የምትናገረው እማማ ናት፤ እኔ እጅ ብቻ ነኝ።)

እንደምን ሰነበትክ? እኛ ከናፍቆትህ በቀር ምንም የጎደለብን የለም። ሰማዩ ደህና፣ ጎረቤቱ ደህና፣ ጥርሴ ብቻ አንዱ ወልቋል። መቃብሩ ደህና ነው። ነጭ ሆኖ፣ ተጠርጎ፣ ዙሪያው አበባ ተተክሎበት፣ ያየው ሁሉ አንተን ይመርቃል። ፎቶውን እንዳልልክልህ የልጅቷ ስልክ ተሰበረ። አንተ ግን ወፍራም ካልሲ ላክልኝ፤ እግሬ ጠዋት ጠዋት አልሞቅ ብሎኛል። የእናታችን ጸሎት ይጠብቅህ።

እህትህ

ከዚህ በታች ያለው የኔ የቆቂት ነው። እማማ ካልሲውን ካስጻፈች በኋላ እንቅልፍ ወስዷታል።

ጋሼ፣ አንድ ነገር ይወቁ። እማማ ለሰፈሩ ሁሉ እርስዎ ሥራ አስኪያጅ ነዎት ብላ ነው የተናገረችው። ደብዳቤዎን ሳነብላት ደግሞ ጎረቤታችን ተቀምጣ ነበር። እማማ በጉልበቷ ጎሸም አደረገችኝ። ምን ላድርግ? «ሳር» የሚለው በመጣ ቁጥር «ሠራተኛ» እያልኩ አነበብኩ። «ሠራተኛው በዓመት አንዴ፣ ዘሩ ከረገፈ በኋላ ይታጨዳል።» ጎረቤታችን ደረቷን ይዛ «ኧረ በሕግ አምላክ!» ብላ ተነስታ ሄደች። ልጇን እርስዎ ዘንድ ለሥራ ልትልክ አስባ ነበር አሉ፤ አሁን ትታዋለች።

ሌላው፦ ስልኬ አልተሰበረም። ከእጄ ወድቆ እንኳ አያውቅም። ይህን የምለው ለስልኬ ክብር ነው፤ ሌላ ምንም አልተናገርኩም።

ኅዳር 17

ለቆቂት ብቻ፣

እግዚአብሔር ዕድሜና ልቦና ይስጥሽ፤ ምላሱንስ ሰጥቶሻል። ስለ ሠራተኞቼ መታጨድ ሳነብ ብቻዬን ስስቅ አለቃዬ ሰማችኝ። ከዚያ ወዲህ በጎን ነው የምታየኝ። የእታለም ካልሲ ከዚህ ጋር አለ።

የቀረውን ግን ለእሷ አታንብቢላት።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው፤ ግቢው ገና እንደ ወታደር ራስ ይላጭ በነበረበት ጊዜ። አንድ ጠዋት በጀርባው ግንብ በኩል ሳጭድ አንዲት ሴት ሳሩ ላይ ቆማለች። ነጭ ሻሽ አስራ፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ። ዘመድ ልትጎበኝ የመጣች መሰለኝ። ማሽኑን አጥፍቼ እንደምን አደሩ አልኩ። ዞር አላለችም። በክብር ትቻት ሌላውን አጨድኩ። ስመለስ የለችም። የቆመችበት ሳር ላይ ያለው ጤዛ ግን አልተነካም።

በማግስቱም መጣች። ከዚያም በኋላ። እኔ ደግሞ ሰው የቆመበትን ሳር አላጭድም። ጥጉን ተውኩት። አለቃዬ ስትጠይቀኝ «መሬቱ ትንሽ ይረፍ ብዬ ነው» አልኳት። ሳሩ ወገቤ ደረሰ። አበባ አወጣ፤ ንብ መጣ፣ ቢራቢሮ መጣ። እንቁራሪት መጣ፤ እንቁራሪቱን ፍለጋ እባብ መጣ። በመጨረሻ ይህን ሁሉ የሚቆጥሩ ሰዎች መጡ። «ይህን አርቆ ያሰበ ማነው?» አሉ። አለቃዬ በጣቷ አሳየችኝ። አጨበጨቡልኝ ቆቂት! ሰሌዳም ተተከለ፦ «ይህ ሥፍራ ለዱር ፍጥረታት ሲባል ሆን ተብሎ የተተወ ነው» ይላል። ሆን ተብሎ! ለፍርሃቴ ሰሌዳ አቆሙለት። ከዚያ በኋላ ነው ግቢው በሙሉ በዚያ ጥግ ሥርዓት ይተዳደር የተባለው።

ፊቷን አይቼው አላውቅም። የትከሻዋን አወራረድ ግን አውቀዋለሁ። እናታችን ሸክም ካወረደች በኋላ እንኳ ቀኝ ትከሻዋ ዝቅ እንዳለ ይቀር ነበር።

ማረፊያ ያለው ሰው ባሕር ተሻግሮ የሰው ሳር ውስጥ ምን ያቆመዋል? ይኸው ነው ጭንቀቴ፤ እንቅልፌንም የወሰደው። እና ልጠይቅሽ፦ ስልክሽ ካልተሰበረ፣ የተሰበረው ምንድን ነው?

ጋሼሽ

ጥር 6

ይድረስ ለጋሼ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎስ? አለቃዎስ? ቢራቢሮዎቹስ ከነቤተሰባቸው? ሰላምታ በረዘመ ቁጥር ዋናው ነገር ይዘገያል። አዋቂዎች ለምን እንደምትወዱት አሁን ገባኝ። መልሴ የዘገየውም በዚሁ ነው፤ ስንት ጊዜ ሰላምታ ጽፌ ቀደድኩ።

የእናትዎ መቃብር የለም። ይኸው፣ ጻፍኩት።

እኔ ገና ትንሽ ልጅ ሳለሁ ነው። የቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ኮሚቴ «ለሕያዋን ቦታ ጠበበ» ብሎ የጀርባውን መቃብር በዶዘር ደለደለው። ጠጠር አፈሰሱበትና የመኪና ማቆሚያ ሆነ። ድንጋዮቹን አንድ ላይ ሰብስበው ከኋላው አጥር ሥር ከመሩ። ይህን ያደረጉት ሊቀመንበሩ ናቸው፤ እኛ ልጆች «ጉባኤው» ነው የምንላቸው፤ ብቻቸውን ሲሄዱ እንኳ ስብሰባ የሚመሩ ይመስላሉ። ያን ቀን እማማ ከበሩ ላይ ቆማ አይታለች ይባላል። አልጮኸችም። ከዚያ ወዲህ ግን በኋላው በር ገብታ አታውቅም። እርስዎ ስለ መቃብሩ በጠየቁ ቁጥር አንድ አበባ ትጨምርበታለች። በኔ እጅ ብቻ ስንት አበባ እንደተከለች ቢያዩ! በዓለም ላይ በጣም የሚያምረው የሌለው መቃብር የእናትዎ ነው።

ባለፈው ሳምንት ክምሩ ጋ ሄድኩ። ፈሪ አይደለሁም፤ ግን ቀን ነበር። ሳርና ሐረግ ወጥቶበታል። እንሽላሊቶች እንደ ኮሚቴ አባላት ፀሐይ ላይ ተዘርግተዋል። የሰው ስም ያለበትን ሁሉ በጎን በጎኑ እያነበብኩ ዞርኩ። እንደዚህ ተነባብረው የተኙ ስሞች አይቼ አላውቅም። አንዱ ያንዱን የሞት ቀን ይሸፍናል። ሁሉም በሹክሹክታ የሚገፋፉ ይመስላል፤ በችኮላ በተጠራ ስብሰባ ላይ ወንበር እንደጠፋባቸው።

በስተመጨረሻ ታች ላይ አገኘኋት። የእናትዎ ስም ከነአባታቸው። ድንጋዩ በሁለት ድንጋዮች ላይ ጣሪያ ሆኖ ተጋድሟል። ከሥሩ ጨለማ አለ። ጎንበስ ስል ጨለማው ዐይኑን ገለጠ።

ጉጉት ናት ጋሼ። ከሥሯ ጫጩቶች አሉ፤ በጥጥ የተጠቀለለ ሽማግሌ ይመስላሉ። አየችኝ። እንደሷ ያየኝ ሰው የለም። ቀልድ ልጨምርበት ፈልጌ ነበር፤ አልመጣልኝም።

ፎቶውን አሳትሜ ልኬያለሁ። ስሙ ይነበባል። ከስሙ በታች ሁለት ዐይን አለ።

እማማ ይህን እንደጻፍኩ አታውቅም።

ቆቂት

ጥር 29

ጋሼ፣

ሰላምታውን በሚቀጥለው እከፍላለሁ። መልስ አልመጣም፤ እርስዎ ደግሞ መልስ የሚያዘገዩ ሰው አይደሉም። ተቆጡ? ታመሙ? ወይስ አለቃዎ አሰረችዎት?

ነገሩ ጠንክሯል። ጉባኤው ጉጉቷን አይተዋታል። ሟርተኛ ናት ብለው ክምሩ በጋሪ ተጭኖ ለግንብ መሠረት ይሁን ሲሉ ወስነዋል። ጋሪዎቹ የካቲት ሳያልቅ ይመጣሉ። የእናትዎን ድንጋይ ቀድሜ ላውጣው? ብቻዬን ባልችል የክፍሌን ልጆች እጠራለሁ። ግን እሱ ከተነሳ የላዩ ሁሉ ጫጩቶቹ ላይ ይወርዳል። ካልተነሳም ስማቸው ግንብ ሥር ይቀበራል። እኔ የምወስነው ነገር አይደለም። እማማን ልጠይቃት ስል ስለ ካልሲው ታወራለች።

እባክዎ ይጻፉ። እዚህ ከውጭ የመጣ ወረቀት ይፈራል።

የካቲት 11

ለልጄ ለቆቂት፣

ያልዋሸሽኝ አንቺ ብቻ ነሽና እግዚአብሔር አንቺን የሚዋሽ ሰው አያምጣብሽ። አልተቆጣሁም፤ አልታመምኩም። ደብዳቤሽን ያነበብኩት ሳሩ ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ እስክሪብቶ ስይዝ እጄ የሚጽፈው ነገር ያጣ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ጉም ነበር። እሷም ነበረች። ጠጋ ብዬ «ቤትሽን አፍርሰውታል፤ አሁን ነው የሰማሁት» አልኳት። ለመጀመሪያ ጊዜ ዞር አለች። ፊቷ ምን እንደሚመስል አልጽፍልሽም። እንዳትፈሪ ብዬ አይደለም፤ ለራሴ ስለምፈልገው ነው።

ድንጋዩን አትንኩት። አንቺም፣ የክፍልሽ ልጆችም። እናታችን በሕይወት ሳለች ከጣሪያዋ ሥር ያለን ፍጥረት አስወጥታ አታውቅም፤ ሞታ አታስጀምሯት። እዚህ ስናጭድ እንኳ ከመሃል ጀምረን ወደ ዳር ነው፤ ማምለጥ የሚችል ያመልጥ ብለን። ጫጩት ግን ማምለጥ አይችልም።

ለኮሚቴው የሚሰጥ ወረቀት ከዚህ ጋር አለ። የቤተ ክርስቲያናችን ማኅተም አለበት። አለቃዬ ለምን እንደሆነ ሳትጠይቅ መታችልኝ፤ የድንጋይ ክምር እዚህም አለን፤ እንደ ልጅ ነው የምንጠብቀው። በወረቀቱ ላይ ሥራ አስኪያጅ ነኝ አላልኩም። አይደለሁም ብዬም አልጻፍኩም።

አሁን ልመናዬ ሌላ ነው። ፎቶ አልፈልግም። ድንጋይ ስም ነው፤ እናታችን ግን ጠጠሩ ሥር ናት። የት ላይ እንደሆነች የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ቀርቷል። እታለምን ጠይቂያት። ያቺ ሴት እዚህ የምትመጣው እዚያ የምትቆምበት ስላጣች ይመስለኛል።

ጋሼሽ

መጋቢት 8

ይድረስ ለጋሼ፣ የሳር ጌታ፣ የጉጉት ጠበቃ፣

ሰላምታ ከነውዝፉ ይድረስዎ። ፈጣሪ ወገብዎን ያቅናልዎ፣ ማሽንዎን ያሰንፍልዎ።

ስብሰባው ላይ ገባሁ። ልጅ አይገባም ሲሉኝ ማኅተሙን አሳየኋቸው፤ ወንበር ሳቡልኝ። «ከውጭ የተላከ የባለሙያ አስተያየት» ብዬ ጀመርኩ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ባለሙያው እርስዎ ነዎት።

ጉባኤው አላስጨረሱኝም። «ጉጉት በቤተ ክርስቲያን ግቢ! ማን ሊሞት ነው?» አሉ።

ቄሱ ከጥግ ሆነው «እዚህ ግቢ ያሉት ሞተው ጨርሰዋል፤ ማንን ታስፈራራለች?» አሏቸው።

«አባ፣ ነገሩ የቀልድ አይደለም።»

«የኔም የቀልድ አይደለም። አይጥ መጻሕፍቴን በልቶ ሊጨርስ ነበር። እሷ ከመጣች ወዲህ አንድም ገጽ አልተነካም። ሟርተኛው ማነው፣ አይጡ ወይስ እሷ?»

ክምሩ እስከ ቀጣዩ ስብሰባ እንዲቆይ ተወሰነ። እነዚህ ሰዎች ቀጣዩን ስብሰባ እስኪጠሩ ጫጩቶቹ የልጅ ልጅ ያያሉ፤ ይደሰቱ።

አሁን የማያስቀውን ልጻፍ። ለእማማ ሁሉንም ደብዳቤ አነበብኩላት። አታንብቢላት ያሉኝንም ጨምሬ፤ አንዱንም ቃል ሳልለውጥ። ሳር የሚለውን ሳር ብዬ። ስጨርስ «ጫማዬን አምጪ» አለች።

በኋላው በር ገባን። በሩን እንደማታውቀው ሰው አየችው። መኪናዎቹ መሃል ስትሄድ ዘወር አላለችም፣ አልተወላወለችም። ዐይኗ በደንብ ያላየውን እግሯ አየው። አንድ ጥቁር መኪና ፊት ቆመችና መዳፏን የሞተሩ ክዳን ላይ አኖረች። የግንባር ትኩሳት እንደሚለካ ሰው። «ከዚህ ሥር ናት» አለች።

የማን መኪና መሰልዎት? ጉባኤው እየሮጡ መጡ። «እትዬ፣ ምን ጠፋብዎት?»

«እናቴ።»

ሊስቁ ብለው ነበር፤ ፊቷን ሲያዩ ሳቁ አፋቸው ውስጥ ቀረ። «ይህ እኮ የኮሚቴ ቦታ ነው» አሉ፤ ድምፃቸው ቀንሷል።

«አውቃለሁ። መኪናህን አንሳ።»

አነሱት። አንስተው የት እንደሚያቆሙት ጠፍቷቸው ግቢውን ሁለቴ ዞሩ። እማማ ባዶው ቦታ መሃል ገብታ ቆመች። ስትደክም ወደ ቤት ወሰድኳት። ጠዋት ስነሳ አልጋዋ ባዶ ነው። ሮጬ ስደርስ እዚያው ናት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ትሄዳለች። ነጭ ሻሿን አስራ፣ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ትቆማለች። ለማንም መልስ አትሰጥም። ሾፌሮች ያንን ቦታ ይዘሉታል፤ ግራና ቀኙንም መዝለል ጀምረዋል። ትናንት አንዲት እንግዳ «ያቺ ሴትዮ ለናንተም ትታያችኋለች?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም ከበሩ ላይ ሆኜ ሳያት ስሟን ሳልጠራ አልጠጋም።

ያቺ የሳሩ ሴት እዚያ አሁንም ትመጣለች? እማማ ጠይቂው ብላኛለች፤ እኔ ግን መልሱን ከእርስዎ በፊት የምታውቀው ይመስለኛል።

ዛሬ ጠጠሩን በእጄ እየጠረግኩ አፈሩን አወጣሁላት። ጥቁር፣ የተጨቆነ አፈር ነው። እግሯ ሥር ተቀምጬ ቀና አልኩና ጠየቅኳት፦

«እማማ፣ እስከ መቼ ነው የምትቆሚው?»

«ሳሩ እስኪበቅል» አለችኝ።